የወጌሻው ሒሳብ፦ አልጀብራ ከባሕረ ሐሳብ እስከ አራት ኪሎ የመማሪያ ክፍል

(በአራት ኪሎ ግቢ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)

ርዕሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልጀብራ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ስትሰሙ፣ ከዘጠነኛ ክፍል የቀረ አንድ ደስ የማይል ትዝታ ሳይመጣባችሁ እንደማይቀር እገምታለሁ። የማወራው ግን ስለ ታሪኩ ነው፤ ይህ ትምህርት ከየት መጣ፣ እንዴት ወደ እኛ ደረሰ፣ ሲደርስስ በመንገድ ላይ ምን ጠፋበት የሚለውን እመረምራለሁ። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ፣ «እ.ኤ.አ.» ካላልሁ በቀር፣ በእኛው አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ከዚህ ግቢ በር ወጣ ስንል የሚያ­ዝያ 27 የድል ሐውልት እናገኛለን። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበትን ቀን የሚያስታውስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ አትረሱትም፤ የፋሲካ በዓልና የአርበኞች የድል ቀን በአንድ ዕለት ዋሉ። በዚያ ሰሞን አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከክፍል ስንወጣ አስቆመኝና፣ «ይህ እንደገና የሚሆነው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በስልኩ ፈልጎ ማግኘት ይችል ነበር። እኔን መጠየቁ ግን በጎ ሆነ፤ የዛሬው ንግግር የተወለደው ከእርሱ ጥያቄ ነውና።

ወደፊት መሄድ

ጥያቄውን ለመመለስ ከባሕረ ሐሳብ እንነሣ። ይህ የዘመን ቀመር በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዘመናት በቃልና በጽሑፍ ሲወራረስ ቆይቷል። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፃዊው ሊቅ በአቡሻክር በዓረብኛ የተጻፈው የዘመን ቆጠራ መጽሐፍም ወደ ግእዝ ተተርጉሞ የዚሁ ትምህርት ምሰሶ ሆኗል።

አካሄዱን በ2016 ዓ.ም. እንየው። በመጀመሪያ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ይህ በ19 ይገደፋል፤ 19 ጊዜ 395 እኩል 7505 ነውና 11 ይተርፋል። ይህ መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ 10 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 110 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 20 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 190 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 10 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። የእኛው 10 ነውና ጥቅምት 10 ላይ ዋለ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ነበር። ለሳምንቱ ዕለታት ተውሳክ የሚባል ቁጥር ተመድቦላቸዋል፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። መጥቅዕ 10 እና የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲደመሩ 18 ይሆናሉ። መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ጾመ ነነዌ በየካቲት ይገባልና፣ ነነዌ የካቲት 18 ሆነ። ፋሲካ ከነነዌ 69 ቀን ይርቃል፤ ይኸውም ሁለት ወር ከዘጠኝ ቀን ነው። 18 እና 9 ሲደመሩ 27፤ ከየካቲት ሁለት ወር ሲታለፍ ሚያዝያ። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባናል። ይህን አይቶ «አባቶቻችን አልጀብራን ከጥንት ያውቁ ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ ጭብጨባም ያስገኛል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። እስካሁን ያየነው የተራቀቀ ስሌት ነው። የታወቀ ቁጥር ይዘን ተነሣን፣ ሕጉን ተከትለን ወደፊት ሄድን፣ መልሱ ላይ ደረስን። አልጀብራ የሚጀምረው መልሱ ተሰጥቶን መነሻውን ስንጠየቅ ነው። የተማሪዬ ጥያቄ እንዲህ ያለ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ተሰጥቷል፣ ዓመቱ አልታወቀም።

ሌላም ልዩነት አለ። ቀመሩን የተማረ ሁሉ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 እንደሚሆኑ ያውቃል፤ በ2016 ዓ.ም. 20 እና 10 ነበሩ። ለምን? ወንበሩን በአንድ ፊደል፣ በ«ወ» እንወክለው። 11ወ እና 19ወ ሲደመሩ 30ወ ይሆናሉ፤ 30ወ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ሁለቱ ቀሪዎች ተደምረው 30ን መሙላት አለባቸው። ወንበሩ አልቦ በሚሆንበት ዓመትም አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ይባላልና ድምሩ አይዛነፍም። አሥራ ዘጠኙን ወንበር አንድ በአንድ መሞከር ሳያስፈልግ፣ አንዲት ፊደል የሁሉንም ምክንያት በአንድ መስመር ነገረችን። ፊደል በቁጥር ቦታ የመግባቷ ጥቅም ይህ ነው። ተማሪዎቻችን «ኤክስ ለምን አስፈለገ?» ብለው ሲጠይቁ ልንሰጣቸው የሚገባው መልስ እንዲህ ያለው ነው።

ወደኋላ መመለስ

አሁን ጥያቄውን እንፍታ። ፋሲካ ሚያዝያ 27 እንዲውል ነነዌ የካቲት 18 መግባት አለበት። መጥቅዕ በመስከረም በሚውልበት ዓመት ይህ አይቻልም፤ ትልቁ መጥቅዕ 30 ከትልቁ ተውሳክ 8 ጋር ተደምሮ 38 ቢሆን እንኳ፣ ከጥር ተነሥቶ የሚደርሰው እስከ የካቲት 8 ብቻ ነውና። ስለዚህ መጥቅዑ በጥቅምት የሚውል ሆኖ የሚከተለው እኩልዮሽ መሟላት ይኖርበታል፦

መጥቅዕ + ተውሳክ = 18

ተውሳክ ከ2 አያንስም፣ ከ8 አይበልጥም። እንግዲያው መጥቅዕ ከ10 አያንስም፤ በጥቅምት ለመዋልም ከ14 ማነስ አለበት። የሚቀሩት 10፣ 11፣ 12 እና 13 ናቸው። ወንበሩን ከ0 እስከ 18 እያፈራረቅን በ19 ስናበዛና በ30 ስንገድፍ ግን 11 ጨርሶ አይወጣም። ስለዚህ መጥቅዑ 10፣ 12 ወይም 13 ነው፤ መደቡም በቅደም ተከተል 11፣ 19 ወይም 8 ይሆናል። መደብ 19 ማለት በ19 ሲገደፍ ምንም ያልተረፈበት ዓመት ነው።

ተውሳኮቹ ደግሞ 8፣ 6 እና 5 ይሆናሉ፤ ማለትም ጥቅምት 10 ቅዳሜ፣ ወይም ጥቅምት 12 ሰኞ፣ ወይም ጥቅምት 13 ማክሰኞ። ልብ በሉ፤ ሦስቱም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። ጥቅምት 10 ቅዳሜ የሆነበት ዓመት ጥቅምት 12 ሰኞ፣ ጥቅምት 13 ማክሰኞ ነው። ወደኋላ ብንቆጥር የዚያ ዓመት መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ወደ ሁለት ግዴታዎች ተጠቃለለ፤ መደቡ 8፣ 11 ወይም 19 ይሁን፤ ዘመን መለወጫም ማክሰኞ ይዋል። ሁለተኛውን ለመፈተን ዓመተ ዓለሙ ላይ የእርሱ አንድ አራተኛ፣ መጠነ ራብዒት የሚባለው፣ ይደመራል፤ በ7 ሲገደፍ 1 ከተረፈ ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ለ2016 ዓ.ም. 7516 እና 1879 ተደምረው 9395 ይሆናሉ፤ በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል።

ከ2016 ዓ.ም. በኋላ የመጀመሪያውን ግዴታ የሚያሟሉት ዓመታት 2024፣ 2032፣ 2035፣ 2043፣ 2051፣ 2054፣ 2062፣ 2070፣ 2073፣ 2081፣ 2089 እያሉ ይቀጥላሉ። አሥሩ ሁለተኛውን ግዴታ አያልፉም። አሥራ አንደኛው፣ 2089 ዓ.ም.፣ ያልፋል፤ ዓመተ ዓለሙ 7589፣ መደቡ 8፣ መጥቅዑ 13 ነው፤ 7589 እና 1897 ተደምረው 9486 ይሆናሉ፤ በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ወደኋላ ብንሄድ ደግሞ 1994 እና 2005 ዓ.ም. ሁለቱንም ያሟላሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያየነው ነገር፣ ከእንግዲህ 73 ዓመት ያስጠብቃል። ለተማሪዬ የነገርሁት ይህን ነው። እርሱ ራሱ ደግሞ እኔ የዘለልሁትን አንድ እርምጃ ይዞብኝ እንደነበር ልሸሽጋችሁ አልፈልግም፤ «11 የማይወጣው ለምንድን ነው?» አለኝ። አብረን አሥራ ዘጠኙን ወንበር ቆጠርን።

ነገርና ወጌሻ

ይህ ወደኋላ የመመለስ ጥበብ ስም ያገኘው በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በባግዳድ ነው። ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኸዋሪዝሚ በኸሊፋው አል ማእሙን ዘመን የጻፈው መጽሐፍ በርዕሱ ሁለት ቃላትን ይዟል፤ አል ጀብርና አል ሙቃበላ። የትምህርቱ ስም የመጣው ከመጀመሪያው ነው። መጽሐፉ የውርስ ክፍፍልን፣ የንግድንና የመሬት ልኬትን ጥያቄዎች ለመፍታት የታሰበ ነበር፤ የዕለት ኑሮ መጽሐፍ ነው ብንል አንሳሳትም።

«ጀብር» በዓረብኛ የተሰበረን አጥንት ወደ ቦታው መመለስ ማለትም ነው። በስፔንም «አልጀብሪስታ» የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ አጥንት ጠጋኝን ሲያመለክት ኖሯል። እኛ ለዚህ ሙያ የራሳችን ስም አለን፤ ወጌሻ። አንድ ነገር ከእኩልነቱ በአንዱ ወገን ተቀንሶ፣ ጎድሎ ሲገኝ፣ የጎደለውን በሁለቱም ወገን መልሶ መሙላት ጀብር ነው። ሙቃበላ ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር ፊት ለፊት አገናኝቶ ማጣፋት ነው።

አል ኸዋሪዝሚ ያልታወቀውን ቁጥር በፊደል አልጻፈውም። እርሱና ተከታዮቹ ብዙ ጊዜ «ሸይእ» ይሉታል፤ «ነገር» ማለት ነው። ምልክት የለም፣ ሁሉም በቃላት ነው። ፊደላትን ለታወቀውም ለማይታወቀውም በሥርዓት የተጠቀመው ፈረንሳዊው ቪዬት እ.ኤ.አ. በ1591 ነበር፤ ኤክስን፣ ዋይንና ዜድን ላልታወቁ ቁጥሮች መድቦ ያስለመደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1637 የታተመው የዴካርት መጽሐፍ ነው። እኔ ዛሬ ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» እለዋለሁ።

ከመጽሐፉ የታወቀውን ጥያቄ ላስታውሳችሁ፤ የአንድ ቁጥር ካሬና የዚያው ቁጥር አሥር እጥፍ ተደምረው 39 ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? በእኛ አጻጻፍ ሀ² + 10ሀ = 39። አል ኸዋሪዝሚ ሥዕል ይሥላል። ጎኑ ሀ የሆነ ካሬ አስቀምጡ። አሥሩን ለሁለት ከፍላችሁ፣ በካሬው በሁለቱ ጎኖች ወርዳቸው 5፣ ርዝመታቸው ሀ የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች አስጠጉ። የሁሉም ስፋት 39 ነው። ቅርጹ ግን አንድ ማዕዘኑ ጎድሏል። የጎደለው 5 በ5፣ ማለትም 25 ነው። ስንሞላው ሙሉ ካሬ ይሆናል፤ ስፋቱ 64፣ ጎኑ 8። ከ8 ላይ 5 ሲነሣ ሀ እኩል 3 ነው። ባሕረ ሐሳብ ላይ እንዳደረግነው ወደፊት ሄደን እናረጋግጥ፤ 9 እና 30 ተደምረው 39።

ይህን ሥዕል ያየ ተማሪ፣ በየዓመቱ በፈተና ወረቀት ላይ የማገኘውን ስሕተት የሚሠራ አይመስለኝም። ስሕተቱ የ«ሀ + 5» ካሬ እኩል «ሀ² + 25» ነው ማለት ነው። ይህን የጻፈ ተማሪ ሁለቱን አራት ማዕዘኖች ረስቷል። ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ሰረዝ እንስብበታለን፤ የረሳውን ነገር ግን ያሳየው ሰው የለም።

በአራት ኪሎ ዙሪያ

ይህ ትምህርት ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን የገባበትን መንገድ ባጭሩ ልከተል፤ የመንገዱ ብዙ ክፍል በእግር የሚደረስበት ነው። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራኑ በአብዛኛው ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ትምህርቱ ቋንቋ ይበዛው ነበር፤ ሒሳብም ከትምህርቶቹ አንዱ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተመሠረተ። በእነዚህ ዓመታት የዘመናዊ ትምህርት ቋንቋ በአመዛኙ ፈረንሳይኛ ነበር።

ከዚያ ወረራው መጣ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከተፈጸመው እልቂት ጀምሮ፣ ጥቂት የነበሩት የተማሩ ወጣቶች በተለይ ተለቅመው ተገደሉ። ስለ ትምህርት ታሪክ ስንናገር ይህን መዝለል አይገባም፤ ሒሳብን በራሱ ቋንቋ አስቦ ሊያስተምር ይችል የነበረው የመጀመሪያው ትውልድ የተቀጨው በዚያን ጊዜ ነው።

ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1943 በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ተከተለ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በአራት ኪሎ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በሉሲየን ማት መሪነት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ ሳይንሱ ግን እዚሁ አራት ኪሎ ቀረ።

ትምህርት ቤት ሲበዛ መምህር አነሰ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጡ፤ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመታቸውን ሲጨርሱ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። ዛሬ በዕድሜ የገፉ ብዙ ምሁራን የመጀመሪያውን እኩልዮሽ የተማሩት ከአንዲት ወጣት አሜሪካዊት ወይም ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ዘማች ነው።

በዚሁ ወቅት የ«አዲሱ ሒሳብ» ማዕበል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ የተጸነሰውና እ.ኤ.አ. በ1962 በዑጋንዳ፣ በእንቴቤ በተካሄደ ዐውደ ጥናት ሥራ የጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ፕሮግራም የመማሪያ መጻሕፍትን አዘጋጀ። ኢትዮጵያም ተሳታፊ ነበረች። «የእንቴቤ ሒሳብ» በሚል የሚታወቁት መጻሕፍት ትምህርቱን ከስብስብ ይጀምሩ ነበር። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ተማሪው በቃል ከሚሸመድድ ሥርዓቱን ይረዳ የሚል ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ለብዙዎች ገና ሦስት ወይም አራት ዓመት በተማሩት እንግሊዝኛ፣ በረቂቅ ቃላት ቀረበ። ሽምደዳን ሊሽር የመጣው ትምህርት በብዙ ክፍሎች ራሱ ተሸመደደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያና በደርግ ጊዜ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማርን። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሆነ፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚታለፍበት ክፍል እንደየክልሉ ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ፤ ትምህርቱ በሳተላይት እየተሰራጨ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላው አገር በአንድ ፍጥነት ሄደ። ተማሪ «አልገባኝም» ቢል ስክሪኑ አይሰማም።

«ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል»

አሁን ስለራሴ ልናገር። በ1980ዎቹ ውስጥ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል አስተምር ነበር። ሁላችሁም የምታውቁትን ዐረፍተ ነገር በጥቁር ሰሌዳው ፊት ደጋግሜ አስጮኽሁ፤ «ቁጥር ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል»። ሀ + 7 = 12። ሰባት ተሻገረ፣ ተቀናሽ ሆነ፣ ሀ እኩል 5። መልሱ ትክክል ነው። ተማሪዎቹ ፈጠኑ፤ እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሲሻገር ምን አግኝቶት ነው የሚለወጠው?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ «ሕጉ ነው፤ ተቀመጪ» አልኋት። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

ያች ልጅ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። ምንም የሚሻገር ነገር የለም። ሚዛኑ በሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ከሁለቱም ወገን ሰባት አንሣን፤ እኩልነቱ እንደጸና ቆየ። መርካቶ ውስጥ በሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔ በሚዛን ፈንታ ድልድይ ሰጠኋቸው። ድልድዩ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ 3ሀ = 12 የሚለውን ስሰጣቸው፣ በርካቶቹ ሦስቱን «አሻግረው» ምልክቱን ለወጡና ሀ እኩል 9 ነው አሉ። የተሳሳቱት የሰጠኋቸውን ሕግ በታማኝነት ስለጠበቁ ነው።

ይህን የምናገረው ለንስሐ ብቻ አይደለም። ዛሬ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ ያንኑ ዐረፍተ ነገር፣ በዚያው ቃል፣ ይዘው ይመጣሉ። ከእኔ በፊት ነበር፤ ከእኔ በኋላም ቀጥሏል። አል ኸዋሪዝሚ በስሙ ውስጥ ያስቀመጠልን ምክንያት፣ የጎደለውን በሁለቱም ወገን መሙላት፣ በመንገድ ላይ ጠፍቶ የቀረው ውጤቱ ብቻ ነው።

ቋንቋው ሲረዳ

የመጨረሻው ነጥቤ ቋንቋን ይመለከታል። ከአርባ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ለምህንድስና ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቁጥር የፕሮፌሰሮች ስድስት እጥፍ ነው፣ ይህን በእኩልዮሽ ጻፉ የሚል። ከሦስቱ አንድ የሚበልጡት ተሳሳቱ፤ ስድስቱን ከተማሪዎቹ ፊደል ጋር አባዙት። አንዱ ምክንያት የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ነው፤ ስድስት የሚለው ቃል እዚያ ከ«ተማሪዎች» ጎን ይቆማል። ቃላቱን በተርታ ወደ ምልክት የሚገለብጥ ሰው ይሳሳታል።

በአማርኛ እንመልከተው፤ «ተማሪዎች የመምህራን 6 እጥፍ ናቸው።» ስድስቱ የሚቆመው ከመምህራን ጎን ነው። ተማሪዎችን «ተ»፣ መምህራንን «መ» ብንል፣ በተርታ መገልበጥ ራሱ ተ = 6መ ይሰጠናል፤ ትክክል ነው። ሌላ ምሳሌ፤ በእንግሊዝኛ «ከአንድ ቁጥር በአምስት የሚያንስ» ለማለት አምስት ቀድሞ ቁጥሩ ይከተላል፤ ተማሪው 5 − ሀ ይጽፋል። በአማርኛ «ከሀ ላይ 5 ሲቀነስ» እንላለን፤ ሀ − 5 በቅደም ተከተሉ ተቀምጧል። ግዳችን አማርኛን ማወደስ አይደለም፤ እርሱም የራሱ ወጥመድ አለው። «የእርሱ ገንዘብ ከእኔ በ3 እጥፍ ይበልጣል» ስንል ሦስት እጥፍ ነው ወይስ አራት? በአንድ ክፍል ውስጥ ብትጠይቁ ጭቅጭቅ ይነሣል። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ደግሞ ሌሎች ምቾቶችና ሌሎች ወጥመዶች ይኖራሉ። ጉዳዩ ሊጠና ይገባል።

የቃል ጥያቄ መፍታት ሁለት ሥራ ነው፤ ከኑሮ ቋንቋ ወደ ምልክት መተርጎም፣ ከዚያም ምልክቱን መፍታት። የእኛ ተማሪ በመካከል ሦስተኛ ሥራ ተጨምሮበታል፤ እንግሊዝኛውን መተርጎም። ሲወድቅ በየትኛው ላይ እንደወደቀ አናውቅም፤ ሦስቱንም «ሒሳብ አይችልም» በሚል አንድ ስም እንጠራቸዋለን።

ይህ ተራ ነገር አይደለም። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህ የሁሉም ትምህርት ውጤት ድምር ነው፤ ሒሳብን ብቻ አይመለከትም። ብዙዎች ቁጥሩን ሲሰሙ ስለ ኩረጃ መቆም፣ ስለ መምህራን ደመወዝ፣ ስለ ጦርነቱ ተናገሩ፤ ሁሉም እውነትነት አለው። እኔ የምጨምረው፣ እነዚህ ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሕጉ ነው፤ ተቀመጪ» ሲባሉ የኖሩ መሆናቸውን ነው። ኩረጃው ሲቆም የታየው ባዶነት ከእነርሱ ብቻ የመጣ አይደለም።

ምን እናድርግ? ትልቅ ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን የለኝም፤ ለመምህራንና መምህር ለመሆን ለምትማሩ ግን ሦስት ትንንሽ ነገሮች እለምናለሁ። አንደኛ፣ «ሲሻገር» የሚለውን ቃል ከሰሌዳችን እናጥፋ፤ በምትኩ «ከሁለቱም ወገን» እንበል። ሁለተኛ፣ የቃል ጥያቄ ሲቀርብ ተማሪው በቅድሚያ በሚያስብበት ቋንቋ ለጎኑ ሰው ይንገረው፤ ምልክቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስተኛ፣ መልስ የተገኘበትን ጥያቄ ሁሉ ወደፊት ሄደን እናረጋግጥ፤ የባሕረ ሐሳብ መምህር ቀኑን ሳይፈትሽ አያውጅም።

2089 ዓ.ም. ሲደርስ እኔ አልኖርም። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ግን፣ በዕድሜ ገፍታችሁ፣ ምናልባት በዚያ ሐውልት አጠገብ ታልፉ ይሆናል። ፋሲካና የድል ቀን እንደገና አብረው ሲውሉ ከልጅ ልጆቻችሁ አንዷ «እንዴት አስቀድማችሁ አወቃችሁ?» ብላ ትጠይቃችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ «ሕጉ ነው» አትበሏት። ቁጭ አድርጋችሁ አሥራ ዘጠኙን ወንበር አብራችሁ ቁጠሩ።